ኮምፒውተር ውስጥ የታገተው ይግባኝ

አርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሞጣ፣ በአክስቴ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ቆሜ ላብ ያጠምቀኛል። ኮምፒውተሩ ለሦስተኛ ጊዜ ድርግም ብሎ ጠፋ...

ነገሩ ቆየት ብሏል። ያኔ ቢቸና አይሲቲ አስተምር ነበር። አክስቴ ጥሩወርቅ ደግሞ ሞጣ ላይ ማመልከቻና ክስ እየጻፈች ነው የምትተዳደረው። ደንበኛው ሁሉ በፍላሽ ቫይረስ እያመጣ ኮምፒውተሯን ሲያሽመደምድባት፣ ዊንዶውሱን አጥፍቼ በምትኩ ኡቡንቱ የሚባለውን ሌላ ሲስተም ጫንኩላት። ከእንግዲህ ቫይረስ አያሰጋሽም ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር የተመለስኩት።

ሁለት ወር ሳይሞላ መደወል ጀመረች። ያ የጫንክብኝ ነገር ሳልጨርስ ይጠፋብኛል ትላለች። እኔ ደግሞ በስልክ «አጥፍተሽ አብሪው» እያልኩ ከረምኩ። ሐሙስ ዕለት ስትደውል ግን ድምፅዋ ሌላ ነበር። ርዕሰ መምህሩን ለምኜ አርብ በጠዋቱ መኪና ከቢቸና ተነሳሁ።

ስደርስ አያ ቢያድግልኝ የሚባሉ ሽማግሌ በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። የወንድማቸው ልጅ በአባታቸው መሬት ላይ አስፈርዶባቸው ይግባኝ ሊሉ ነው። ይግባኙ አምስት ገጽ ነው። እሳቸው እየነገሯት አክስቴ ሁለት ቀን ሙሉ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ጽፋዋለች፣ ወረቀት ላይ የሰፈረ አንድ መስመር የለም። የይግባኙ ጊዜ የሚያበቃው ደግሞ በዚያው ቀን ነው። መዝገብ ቤቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከተዘጋ መሬቱ ሄደ ማለት ነው።

ኮምፒውተሩን ሳበራው ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ መጣ። በድንገት እየጠፋ ስለከረመ፣ ከመከፈቱ በፊት ዲስኩን ልፈትሽ እያለ ነው። ማንም እንዳይነካው አልኩ። ፐርሰንቱ ይቆጥራል... ሃያ... ሃምሳ... ሰማንያ ሁለት... ድርግም።

ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። የኮምፒውተሩ ሳጥን እስከ መሬት የሚደርስ ነጭ ዳንቴል ለብሷል። ገልጬ ገመዶቹን አጠባበቅኩ። አክስቴ ከላይ ሆና «ስትጨርስ አልብሰው፣ አቧራ ይገባበታል» አለችኝ። አለበስኩት።

በሁለተኛው ሙከራ ስልሳ ሲደርስ ጠፋ። ገለጥኩ፣ ነካካሁ፣ መልሼ አለበስኩት። ሦስተኛው አርባ እንኳ አልሞላም። በየጊዜው ዕድሜው ያጥራል።

አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። ዲስኩ አልቆለታል፣ ፎርማት አድርገህ እንደ አዲስ ጫነው አለኝ። የኡቡንቱውን ሲዲ ከቦርሳዬ አወጣሁ። አያ ቢያድግልኝ የምለውን ሲሰሙ ቆይተው ፎርማት ማለት ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ውስጡ ያለው ሁሉ ጠፍቶ እንደገና መጀመር ነው አልኳቸው።

ሲዲውን ትክ ብለው አዩት።

«ታዲያ እኔንስ ዳኛው እንዲያ አይደል ያደረገኝ፣ ልጄ?»

ሲዲውን ወደ ቦርሳዬ መለስኩት። እውነቴን ነው፣ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። አክስቴ ይህ ነገር ከተከፈተ ለጊዮርጊስ ጥላ አስገባለሁ ብላ ተሳለች። እኔ ደግሞ ኡቡንቱን ያስተዋወቀኝን ሰው በልቤ እየረገምኩ ነው።

አያ ቢያድግልኝ ከአግዳሚው ተነሱ። ከጎኔ ቁጢጥ ብለው እጃቸውን በዳንቴሉ ሥር ሰደዱና ሳጥኑን ዳሰሱት። ከብት ታመመ ሲባል ጆሮውን እንደሚዳስስ ሰው ነው የዳሰሱት።

«ይኼ ትኩሳት አለበት» አሉ።

እኔም ዳሰስኩት። ፈጥኜ ነው እጄን የሳብኩት።

«አክስቴ፣ ይህን ዳንቴል መቼ ነው ያለበስሽው?»

«አዲሱን ነገር ስትጭንልኝ ነዋ! አዲስ ነገር በአሮጌ ልብስ ይኑር? ጾሙን ሙሉ ስሠራው ነው የከረምኩት።»

በቃ፣ ጉዱ ወጣ። ከኋላ ያለው አየር ማስወጫ ታፍኖ፣ ሳጥኑ በጋለ ቁጥር ራሱን ያጠፋል። ዳንቴሉና ኡቡንቱው በአንድ ሰሞን ስለመጡ ስድቡን ሁሉ የጠጣው ኡቡንቱ ነው። እኔ የተማርኩት ሰውዬ ደግሞ ሁለቴ ገልጬ ሁለቴ በገዛ እጄ አልብሼዋለሁ። አይ መምህር መሆን!

ልብሱን ገፈፍኩት፣ የጎኑንም ክዳን ፈታሁ። አክስቴ ራቁቱን ስታየው ፊቷን አዞረች። እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነበረብን፤ ከቀኑ ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። ሰዓቱ እየሮጠ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ...

አሥር ሰዓት ሲሆን አበራሁት። አክስቴ ከጓዳ የከሰል ማራገቢያዋን አምጥታ ነበር፣ አያ ቢያድግልኝ ተቀብለው ያራግቡለት ጀመር። አርባ... ስልሳ... ሰማንያ ሁለት ሲደርስ ሦስታችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። ሽማግሌው ማራገባቸውን አላቋረጡም። ዘጠና... መቶ። ከዚያ ተከፈተ። ይግባኙ አንድ ቃል ሳይጎድልበት እዚያው አለ።

አተምነው። አያ ቢያድግልኝ ወረቀቱን ጋቢያቸው ሥር ሸጉጠው በዚያ ዕድሜያቸው ሮጡ። እኛ በር ላይ ቆመን ቀረን። ሲመለሱ ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት፤ ተዘግቶባቸው ይሆናል አልኩ። ደረሱና ቅጂውን ዘረጉልኝ። የመዝገብ ቤቱ ማኅተም ገና አልደረቀም ነበር። እንባዬ መጣ፣ አልደብቃችሁም።

በሌላ ጊዜ ሞጣ ስሄድ ኮምፒውተሩን ዳንቴሉን ለብሶ አገኘሁት። ልጮህ ስል አክስቴ ጎትታ ከኋላው ወሰደችኝ። ዳንቴሉ ላይ በአየር ማስወጫው ልክ መስኮት አውጥታ ዙሪያውን በክር ዘምዝማዋለች።

ዛሬም ሰው «ኡቡንቱ አስቸገረኝ» ብሎ ሲደውልልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው፣ «ምን አልብሳችሁታል?» ብዬ ነው።