ስድስት ጫፍ፣ አምስት ጎድጓዳ

ኪሮሽ መያዝ የተማርኩት ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶኝ፣ ግራና ውስጥ፣ ከሚስቴ አባት ቤት ጀርባ፣ ከጭድ ክምር ሥር ተደብቄ ነው። የተደበቅኩት ከጦርነቱ አልነበረም። ከጦርነቱማ ወዴት ይደበቃል? የተደበቅኩት ከሚስቴ አባት ነው።

ወልድያ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። ነሐሴ ላይ ከተማው መታመስ ሲጀምር ሚስቴ የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች። ሆስፒታል አለና እንቆይ፣ የለም እንውጣ እየተባባልን ሁለት ቀን አመነታን። በሦስተኛው ቀን የከባድ መሣሪያው ድምፅ የመስኮታችንን መስታወት ሲያንቀጠቅጠው ክርክሩ አለቀ። እስከ መርሳ ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቀን፣ ከዚያ ግማሹን በባጃጅ ግማሹን በእግር ሄደን ግራና ወላጆቿ ቤት ገባን። ብዙም ሳይቆይ አካባቢው ሁሉ ተያዘ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ ወፍጮ ቆመ። ትምህርት ቤት የሌለው አስተማሪ፣ እርሻ የማይችል አማች ሆኜ ቁጭ አልኩ።

ሚስቴ ከቤት ስትወጣ የያዘችው ቦርሳ ውስጥ የሕፃን ልብስና አንድ ኪሮሽ ነበር። ቤታችን ውስጥ የቴሌቪዥኑንም የሶፋውንም ዳንቴል የሠራችው በዚያው ኪሮሽ ነው። አንድ ቀን ጎረቤት ሶላር ላይ የተሞላውን ስልኳን ከፍታ አንድ ፎቶ አሳየችኝ።

ከትከሻና ከክንድ የማያልፍ አጭር ሹራብ ነው። ፊቱ ክፍት፣ ቁልፍ የሌለው፣ ከኋላው ኮፍያ የተቀጠለበት። ከላይ እስከ ታች ቀለሙን እየቀያየረ ዚግዛግ እየሠራ ይወርዳል።

“አራስ ስሆን ነው የምለብሰው” አለችኝ። “ራሴንና ትከሻዬን ከብርድ ይከልልልኛል። ፊቱ ክፍት ስለሆነ ለማጥባትም አያስቸግርም።”

“አሠራሩን ታውቂዋለሽ?”

“ቪዲዮውን እስከ ግማሽ አይቼዋለሁ።”

“ግማሹስ?”

“ግማሹ ኢንተርኔት ውስጥ ቀርቷል።”

ሁለታችንም ሳቅን። ከወልድያ ከወጣን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅነው ያን ቀን ይመስለኛል።

ክር የሚሸጥበት ቦታ ስላልነበረ የራሷን ቀይ ሹራብና የኔን ግራጫ ሹራብ ተረተርናቸው። ከሹራብ የወጣ ክር ጥምዝምዝ ብሎ አልቃና ይላል። በውኃ ነክረን፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ አንጠልጥለን ዛፍ ላይ ሰቀልነው። በማግስቱ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ሚስቴ እንደ ልጅ አጨበጨበች።

ሥራው ግን እንቢ አላት። ዳንቴል ክብ ነው፤ ክብ ደግሞ ከመሃል እየሰፋ ይሄዳል። ይኼ ቀጥ ብሎ መውረድ ነበረበት። አራት አምስት ረድፍ ስትሠራ ስፋቱ እየጨመረ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል። ትፈታዋለች፣ እንደገና ትጀምራለች፣ አሁንም ይዘረጋል። በአምስተኛው ጊዜ ኪሮሹን ወርውራ አለቀሰች።

“ተዪው በቃ፤ ነጠላ አለሽ አይደል?” አልኳት።

“ነጠላ መች አጣሁ!” አለችኝ በቁጣ። “ሁሉ ነገር ተቋረጠ። ይቺን አንዲት ነገር እንኳ ልጨርሳት!”

የወደቀውን አነሳሁና መቁጠር ጀመርኩ። ሌላ ምን ላደርግ እችላለሁ? የመጀመሪያው ረድፍ ሰባ ሦስት የክር ቀለበት አለው። ሁለተኛው ሰማንያ። ሦስተኛው ሰማንያ ሰባት። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው ነው። በየረድፉ ሰባት ይጨምራል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ስድስት ወይም ስምንት አይሆንም። ለሁለት ወር ያህል ልክ ያለው ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። ወሬው ሁሉ የተምታታ፣ ቀኑ ሁሉ የተዛባ ነበር። ሚስቴ የተበላሸ ያለችው ሥራ ግን በትክክል፣ በሥርዓት ነበር የተበላሸው!

“ዚግዛጉ ወደ ላይ ሹል የሚለው እንዴት ነው?” ብዬ ጠየቅኳት።

እንባዋን እየጠረገች “በአንዱ ቀለበት ውስጥ ሦስት እሠራለሁ” አለች።

“ስለዚህ ሁለት ጨመርሽ። ወደ ታች ሲጎደጉድስ?”

“ሁለቱን አንድ ላይ እይዛቸዋለሁ።”

“አንድ ብቻ ቀነስሽ! ሁለት እየጨመርሽ አንድ እየቀነስሽ እንዴት ቀጥ ይበል? ሦስቱን አንድ ላይ ያዢያቸው!”

አፏን ከፍታ አየችኝ። “በል ሥራው” አለች።

“እኔ?”

“እጄ አብጧል፤ አይታይህም? ጣቴ አይታጠፍልኝም።” እውነቷን ነው፤ የጋብቻ ቀለበቷን እንኳ አውልቃው ነበር።

“ወንድ ልጅ ኪሮሽ ይዞ... አባትሽ ቢያዩኝስ?”

“ከጭዱ ጀርባ ሂድ፤ ማን ያይሃል?”

አባቷ ብዙ የማይናገሩ፣ የተከበሩ ገበሬ ናቸው። ማረሻ መጨበጥ የማልችል አማች መሆኔ ሳያንስ፣ ኪሮሽ ይዤ ካዩኝ እንዴት ቀና ብዬ አያቸዋለሁ? ቢሆንም ሄድኩ። ሚስቴ ትንሽ ዱካዋን ይዛ አጠገቤ ተቀምጣ አስተማረችኝ። ክሩን በግራ ጣት መጠቅለል፣ በመንጠቆው ስቦ ማውጣት፣ አለማጥበቅ። የመጀመሪያው ሥራዬ ከማጥበቄ የተነሳ መርፌ አያሳልፍም ነበር። “ክሩን ልታንቀው ነው እንዴ? ላላ አድርገው” እያለች ትስቃለች። በአራተኛው ቀን እጄ ላላ። በሰባተኛው ቀን ረድፍ መሥራት ቻልኩ።

ቆጠርኩ። ሰባ ሦስት። ሰባ አምስት። ሰባ ሰባት።

ሰባቱ ወደ ሁለት ወርዷል፤ ዜሮ ግን አልሆነም። እንዴት ያለ እልህ ያዘኝ! እህል ስናበጥር፣ ውኃ ስቀዳ፣ ከሩቅ ተኩስ ሲሰማ ሳይቀር እነዚያ ሁለት ቀለበቶች ከጭንቅላቴ አይወጡም። ሰው ልጁን ባጣበት፣ ቤቱን ጥሎ በተሰደደበት ጊዜ በሁለት ቀለበት መብሰልሰሌ አንዳንዴ ያሳፍረኝ ነበር። ግን ጠዋት የምነሳበት ምክንያት እሱ ነበር።

አንድ ማለዳ ሥራውን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ጫፎቹን በጣቴ እየነካሁ ቆጠርኩ። ስድስት። ጎድጓዳዎቹን ቆጠርኩ። አምስት። ስድስት ጫፍ፣ አምስት ጎድጓዳ! ስድስቱ ጫፍ አሥራ ሁለት ይጨምራል፤ አምስቱ ጎድጓዳ አሥር ይቀንሳል። የቀሩት ሁለቱ ከዳርና ከዳር መቀነስ ነበረባቸው! በየረድፉ መጀመሪያ ሁለቱን አንድ ላይ፣ በየረድፉ መጨረሻ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ነው። ሁለት ረድፍ ሠራሁ። ሰባ ሦስት። ሰባ ሦስት!

“አገኘሁት!” ብዬ ጮህኩ። “አገኘሁት!”

በዚያ ወራት ጩኸት ማለት ምን እንደሆነ ረስቼው ነበር። የሚስቴ እናት ወንፊቱን ጥለው “ወይኔ ልጄን!” እያሉ ወጡ። ሚስቴ ሆዷን ይዛ ከበሩ ብቅ አለች። አባቷ ዱላቸውን ይዘው በቤቱ ጎን ዞረው ሲመጡ፣ ከኋላቸው ወሬ ሊጠይቁ የመጡት ጎረቤታቸው ሸማኔው ይከተላሉ። እኔ ከጭዱ ሥር ቆሜ፣ በአንድ እጄ ኪሮሽ፣ በሌላው ቀይና ግራጫ ዚግዛግ ይዣለሁ።

“ምን መጣ?” አሉ አባቷ እያለከለኩ።

“ምንም... ምንም አልመጣም፣ አባባ። ቁጥሩ... ልክ መጣ።”

አንዴ እጄን፣ አንዴ ፊቴን አዩ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ሸማኔው ግን የራሳቸውን ምርኩዝ ለወዳጃቸው አስይዘው መጡና ሥራውን ከእጄ ወሰዱት። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው። መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ድር ስለማይገባ መሸመኛቸው ቆሟል። ጨርቁን በሁለት እጃቸው ወጠሩት፣ ገለበጡት፣ ዳሩን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

“ማሻአላህ! ዳሩ አይሸሽም” አሉ። “ማን ነው የሠራው?”

“እኔ ነኝ” አልኩ ዝቅ ብዬ።

“ማን አስቆጠረህ?”

“ራሴ ነኝ የቆጠርኩት።”

ወደ ሚስቴ አባት ዞሩ። “እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በክር ነው ያደርኩት፤ አንድ ቀን ሴት ነህ ብለኸኝ ታውቃለህ?”

“ኧረ እኔ ምን አልኩ!” አሉ አባቷ።

“ፊትህ ይናገራል እንጂ!” ብለው ሳቁ ሸማኔው። ከዚያ ወደኔ ዘወር ብለው፣ “በሁለት ቀለም ብቻ ምን ያምራል? ከሰዓት ቤት ና” አሉኝ።

ሄድኩ። ከአልጋቸው ሥር ከጎተቱት ሳጥን ውስጥ የጥለት ክር ትርፍራፊ አወጡ። አረንጓዴ፣ ብርቱካንማ፣ እንደ አደይ አበባ ቢጫ የሆነ። “ቀጭን ነው፤ አራት አራቱን አንድ ላይ አድርገህ ሥራው” አሉኝ። “ለአራስ አይደል? ውሰደው፣ ውሰደው! እዚህ አይጥ ነው የሚበላው።” ዕቅፌ ሙሉ ክር ይዤ ስወጣ መንገዱን ሳልሮጥ የሄድኩት አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ከጭዱ ጀርባ ወጥቼ በረንዳ ላይ በግልጽ መሥራት ጀመርኩ። አባቷ ሲገቡና ሲወጡ ምንም አይሉም፤ እኔም አንገቴን አልደፋም። አንድ ረዥም ቁራጭ ሠርተን ስንጨርስ እጥፍ አድርገን ግራና ቀኙን ሰፋነው፤ ለክንድ ክፍት ቦታ ተውን። ሚስቴ የእጇ እብጠት ጋብ ባለላት ቀን እሷም ትሠራለች። ቀለም መምረጥ የሷ ነው፣ ቆጠራው የኔ። በብርቱካንማው ቦታ እስከ መኮራረፍ ደርሰናል። አንድ ቀን አለበስኳት። ሆዷ ፊት ለፊት ገፍቶ ወጥቶ፣ ከትከሻዋ ላይ ዚግዛጉ ሲወርድ እናቷ “እሰይ!” ብለው በሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

ክሩ ያለቀው ኮፍያው ላይ ስንደርስ ነው። ከዚህም ከዚያም ብንለቃቅም ለግማሽ አይበቃም። ያለ ኮፍያ ይሁን ተባባልን፣ አኮረፈች፣ እኔም አኮረፍኩ። በማግስቱ ጠዋት አባቷ ከጓዳ አንድ ቡና ዓይነት ሹራብ ይዘው ወጡ። ከልጆቻቸው አንዱ ልኮላቸው ለዓመት በዓል ብቻ የሚለብሱት ነው።

“ጫፉ የት ነው የሚገኘው?” አሉኝ።

“አባባ፣ ይኼ የእርስዎ የክት ልብስ ነው፤ አይሆንም።”

“ዘንድሮ ምን በዓል አለና ነው? ጫፉን አሳየኝ።”

አሳየኋቸው። ዱካ ላይ ተቀምጠው ራሳቸው ተረተሩት፤ እኔ ፊት ለፊታቸው ሆኜ እጠቀልላለሁ። ክሩ በመካከላችን እየተንዘረዘረ ሲመጣ ስለ ወልድያ ጠየቁኝ፣ ስለ ተማሪዎቼ ጠየቁኝ። ካገባሁ አምስት ዓመት ሆኖኛል፤ እንደዚያን ጠዋት ያህል አውርተን አናውቅም። መሃል ላይ “ኮፍያው ጆሮዋን ይሸፍን፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ጆሮዋ ብርድ አይወድም” አሉኝ። ስለዚህ ጠለቅ አድርጌ ሠራሁት።

ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል ምጥ ያዛት። ጤና ጣቢያው መድኃኒትም ሰውም አልነበረበትም። የሠፈሩ አዋላጅ ተጠርተው ከእናቷ ጋር ገቡና በሩ ተዘጋ። ኮፍያውን ከአንገቱ የሚያያይዘው ስፌት አልተሠራም ነበር። ደጅ ተቀምጬ ሰፋሁ። ከውስጥ ስትጮህ እጄ ይቆማል፤ ዝም ስትል ደግሞ ዝምታው ይብስብኛል። አባቷና ሸማኔው አጥሩ ሥር ቆመው እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ይለማመናሉ። የመጨረሻውን ክር በጥርሴ እንደበጠስኩ ነው የሕፃን ለቅሶ የሰማሁት፤ ወዲያው የእናቷ እልልታ ተከተለ። ሴት ናት። ሸማኔው “አልሐምዱሊላህ!” አሉ፤ አባቷ ዱላቸውን ጥለው አቀፉኝ።

ስገባ ሚስቴ ላቧ ገና አልደረቀም ነበር። ክንዷን ዘረጋችልኝ። አለበስኳት፤ ኮፍያውንም እስከ ጆሮዋ ድረስ ደፋሁላት። ልጃችንን ደረቷ ላይ ስታስጠጋ ክፍት የሆነው ፊቱ ልክ እንዳሰበችው ሆነላት።

“ተመቸሽ?” አልኳት።

“ሞቀኝ” አለችኝ፤ ዓይኗን ጨፍና ፈገግ እያለች።

መንገዱ ከተከፈተ በኋላ፣ ጥር ሲጋመስ ወደ ወልድያ ተመለስን። ቤታችን ተሰብሮ ብዙ ነገር ሄዶ እንደነበር ሰምተናል። ቢሆንም መርሳ መናኸሪያ ሚኒባስ ውስጥ ስንገባ ልቤ ቀልሎ ነበር። ከፊታችን የተቀመጠች ሴት ዞራ ዞራ ሚስቴን ታያለች። በመጨረሻ አልቻለችም።

“እህቴ፣ ይኼን ከየት ገዛሽው?”

“ባሌ ነው የሠራው” አለች ሚስቴ፣ ሚኒባሱ ሙሉ እስኪሰማ።

ሰዉ ሁሉ ዞረ። ረዳቱ “በለው!” አለ፤ ከኋላ የተሳቀ ሳቅ እስከ ሾፌሩ ደረሰ። ሴትየዋ ግን አልሳቀችም። ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አውጥታ “በል ንገረኝ፤ እኔን ዳር ዳሩ እየሰፋብኝ አስቸግሮኛል” አለችኝ። እኔም ሞቆኝ፣ ፊቴ ቀልቶ፣ እጄን እያወናጨፍኩ አስረዳኋት። መዳፏ ላይ ጻፈች፤ መዳፏ ሲሞላ ክንዷ ላይ ቀጠለች። መንገድ ላይ ወረደች። ሚኒባሱ ሲነሳ እኔ ገና አልጨረስኩም ነበር፤ በመስኮቱ አንገቴን አውጥቼ የኮፍያውን አሠራር እየጮህኩ ስነግራት፣ እሷ ከአቧራው ውስጥ ጎን ለጎን እየተራመደች “እሺ፣ እሺ፣ ከዚያስ?” ትለኛለች።