መውደቅ የተከለከለችው ኩልሱም

እህቴን ኩልሱምን ጎንደር ውስጥ የማያዝንላት ሰው የለም። እኔን የሚያበግነኝም ይኸው ነው።

የተወለድነው አዲስ ዓለም ሰፈር፣ ከጨርቅ ነጋዴው ከሷሊሕ ቤት ነው። ኩልሱም ገና ልጅ ሳለች ኩፍኝ ይዟት ዓይኗ ጠፋ። ጎረቤቱ ሁሉ ከንፈሩን መጠጠላት። አባታችን ግን «ከንፈር መምጠጥ እንጀራ አይሆናትም» ብሎ ዓይነ ስውራን ወደሚማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ላካት። ብሬሉንም፣ እንግሊዝኛውንም፣ መከራከሩንም እዚያ ተማረች። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት በኋላ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀጠረች፤ ጸጉሯ ሽበት እስኪያወጣ ድረስም እዚያው ሠራች።

ይህቺ ደመወዝተኛ ሴት የአዘዞ ታክሲ ቆማ ስትጠብቅ እጇ ላይ ሳንቲም የሚያስቀምጥባት አይጠፋም። «እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ ይውሰዱት» ብላ ትመልሳለች። ሰዎቹ ይቀየሟታል፤ ጽድቃቸውን የቀማቻቸው ይመስላቸዋል። እኔ ብሆን ፊታቸው ላይ ነበር የምወረውረው። አላህ ጸባዩን ለእሷ ሰጥቶ እኔን ረስቶኛል።

በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት ማዞሪያው ሊነቀል ነው ተባለ። ከእንግዲህ ባለጉዳይ የሚስተናገደው በኮምፒውተር ነው፤ ከኮሶዬም ይምጣ ከኮላ ድባ፣ ጉዳዩ የት እንደደረሰ የመረጃ ክፍል ሠራተኛ ከኮምፒውተሩ ላይ ፈልጎ ይነግረዋል። ኩልሱምም ወደዚያ ክፍል ትዛወራለች ተባለ። ከዚያ በፊት ግን ከአዲስ አበባ በኢንተርኔት የሚሰጠውን ሥልጠና ወስዳ ፈተናውን ማለፍ ነበረባት።

እሷ እንደሆነች አልፈራችም። ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሰጠኝ የሚባል ዓይነ ስውር ልጅ፣ ስክሪን ላይ የተጻፈ እንግሊዝኛን ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ ፕሮግራም ጭኖላት፣ ከሥራ መልስ ስትለማመድበት ከርማለች። ሥልጠናው በእንግሊዝኛ መሆኑን ስትሰማ «እሰይ፣ ለሌላው ከባድ የሆነው ለእኔ ቀለለ» ብላ ሳቀች።

ፈተናው ላይ ግን ጉድ ፈላ። ያዘጋጁት ባለሙያዎች ጥያቄዎቹን በጽሑፍ አላስቀመጧቸውም፤ ፎቶ አንስተው ነው የለጠፏቸው። ፕሮግራሙ ደግሞ ፎቶ ማንበብ አይችልም። አንድ ጥያቄ በመጣ ቁጥር ጆሮዋ ላይ «ግራፊክ» ይላታል፣ ሥዕል ነው ማለቱ ነው፤ ሌላ ምንም አይልም። ይህን ሲያዘጋጁ ዓይን የሌለው ሠራተኛም በዚህ አገር አለ ብሎ ያሰበ አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል?

እጇን አውጥታ ለሰው ኃይል ኃላፊው ለአቶ ሰውአገኝ ነገረችው።

«ምነው ኩልሱም፣ ለዚህ ደግሞ ትጨነቂያለሽ?» አለና አጠገቧ ያለችውን ባልደረባዋን የዓለምወርቅን «እስኪ እርጃት» አላት። የዓለምወርቅ ማውሱን ወሰደች። ጥያቄውን እንኳ ሳታነብላት መልሱን ጠቅ ጠቅ ማድረግ ጀመረች።

«አንብቢልኝና እኔ ልመልስ» አለቻት ኩልሱም።

«አንቺ ምን አደከመሽ፣ እኔ አለሁልሽ አይደል?»

ውጤቱ ሲመጣ ኩልሱም ከመቶ ዘጠና ሁለት አግኝታለች። ላም ባልዋለበት ኩበት ተለቀመላት። እሷ ግን በፈተናው ማግስት ጥያቄዎቹ በጽሑፍ እንዲስተካከሉ ማመልከቻ ጽፋ ነበርና፣ መልሱን ልትጠይቅ ወደ አቶ ሰውአገኝ ቢሮ ገባች።

«ማመልከቻሽን ምን ብለን አዲስ አበባ እንላከው?» አላት። «አካል ጉዳተኛ ሠራተኛችን በከፍተኛ ውጤት አልፋለች ብለን ሪፖርት አድርገናል። ያለፈ ሰው ፈተናው አልተነበበልኝም ብሎ ያመለክታል እንዴ?»

ያን ቀን ነገሩ ገባት። የመረጃ ክፍሉ ኮምፒውተርም የባለጉዳዩን ወረቀት ሁሉ ፎቶ እያነሳ ነው የሚያስቀምጠው። እሷ አልፋለች ከተባለ የሚያስተካክለው አይኖርም። ገበሬው ከደጋ ድረስ መጥቶ ፊቷ ሲቆም፣ ግራፊክ እያለ የሚያላግጥ ማሽን ታቅፋ ልትቀመጥ ነው። ያኔ ደግሞ «አቅቷት ነው፣ ምን ታድርግ» ብለው ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ።

የምስክር ወረቀት የተሰጠ ዕለት ስሟ ሲጠራ አዳራሹ ለማንም ያላጨበጨበውን አጨበጨበላት። ማይክ ለምና ተቀበለች። «ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱንም አልመለስኩም። ውጤቴ ዜሮ ነው፣ ዜሮ ይባልልኝ» አለች። አቶ ሰውአገኝ ማይኩን ቀስ ብሎ ወሰደባትና «ትሕትናዋን አያችሁልኝ?» አለ። አዳራሹ ከበፊቱ አብልጦ አጨበጨበ። እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። ወላሂ፣ በዚያች ደቂቃ ጭብጨባ የሚባል ነገር አስጠላኝ።

ከዚያ በኋላ ኮሪደሩ ሁሉ ስሟን ያነሳ ጀመር። «ለጽድቅ ባዝላት ተንጠልጥላ ቀረች» እያለች የዓለምወርቅ ስታማት በጆሮዋ ሰማች። ወደ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ሄደች። ኮሚቴው ውጤት አነሰብኝ የሚል እንጂ በዛብኝ የሚል ሰው አስተናግዶ ስለማያውቅ ግራ ገባው። ጠዋት ማታ እየተመላለሰች ስታሰለቻቸው፣ ያለማንም እርዳታ ፊታቸው እንድትፈተን ፈቀዱላት።

እጇን ይዤ የገባሁት እኔ ስለሆንኩ በሩ ሥር ወንበር ሰጡኝ፤ አቶ ሰውአገኝም ከኮሚቴው ሰብሳቢ ጎን ተቀምጧል። ኩልሱም ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠችና የጆሮ ማዳመጫውን ነቀለችው። የማሽኑ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። «ግራፊክ» አለ። ቁልፉን ተጭና ወደሚቀጥለው አለፈች። «ግራፊክ።» ደግሞ ተጫነች። «ግራፊክ።»

የኮሚቴው ሰብሳቢ ጥቂት ቆይቶ «ገብቶናል፣ ይበቃል» አለ።

«ፈተና ላይ ነኝ፣ አይረብሹኝ» አለችው።

ሃያ አምስቱንም ጥያቄ አስደመጠቻቸው። አንዱ ሰዓቱን ያያል፣ ሌላው እስክሪብቶውን ይከፍታል ይዘጋል፤ ተነስቶ የወጣ ግን የለም። ሲያልቅ ውጤቱ ብቻ በጽሑፍ ተጽፎ ኖሮ ማሽኑ ጥርት አድርጎ አነበበው። ዜሮ።

አሁንስ አፈሩ ብዬ ነበር። አቶ ሰውአገኝ ወደ ሰብሳቢው ጠጋ ብሎ «ለድካሟ ሃምሳ ብናደርግላትስ? ሸጋ ሴት ናት፣ ታሳዝናለች» ሲል ሰማሁት። ብድግ አልኩ። ኩልሱም ግን ከእኔ ቀደመች።

«አቶ ሰውአገኝ» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። «ዓይኔን ኩፍኝ ወሰደብኝ። ዜሮዬን ደግሞ እርስዎ አይውሰዱብኝ። እንዳለ ይጻፉትና አዲስ አበባ ይሂድ።»

የሰብሳቢው እስክሪብቶ ሲጫር ተሰማ። እህቴ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

«ፈህሚያ፣ የጻፈውን አንብቢልኝ።»

ሄጄ ከትከሻው በላይ አየሁ። አምስት ጽፎ ቆሟል፣ ቀጥሎ ያለውን ዜሮ ገና አላስቀመጠም። የጻፈውን አነበብኩላት። እጇን ዘርግታ ወረቀቱን ከእጁ ሥር ሳበችና «ሌላ ወረቀት ያምጡ» አለችው።