በክንድ መስማት

አቧራ እንዳይነሳ ውሃ የተረጨበት መሬት ሲሸተኝ አሁንም ጭኔ ይዝላል። ትናንት ጎረቤቴ ደጇን ስትጠርግ እንዲሁ ሆንኩ። ሰቆጣ ነው የወሰደኝ፤ ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ ኩንግ ፉ የተማርኩበት ግቢ።

ከደሃና ገጠር መጥቼ፣ ከጓደኞቼ ጋር ቤት ተከራይቼ ነበር የምማረው። ስንቅ ላመጣ ስመላለስ መንገድ ላይ የሚያስቸግሩኝ ጎረምሶች ነበሩ። አንድ ቀን አንዱ ነጠላዬን ቀምቶ ሲስቅብኝ እያለቀስኩ ገባሁ። በማግስቱ ጠዋት ጠዋት በግቢው ኩንግ ፉ የሚያስተምር አሰልጣኝ ዘንድ ሄድኩ። ከደሴ ተመድቦ የመጣ የውሃ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነበር። ጥበቡን የተማረው በወጣትነቱ፣ መንገድ ሥራ ላይ የቀን ሠራተኛ ሳለ፣ ከአንድ አዛውንት ቻይናዊ ቀያሽ ነው።

እኔ መምታት ነበር የፈለግሁት። እሱ ግን ያስቆመን ነበር። ፈረስ ላይ እንደተቀመጠ ሰው እግራችንን ከፍተን፣ ጉልበታችንን አጥፈን፣ ብርዱ ፊታችንን እየገረፈን፣ ፀሐይ ወጥታ ቆርቆሮው መንጣጣት እስኪጀምር ድረስ መቆም። ብዙዎቹ ሰልችቷቸው ቀሩ። እኔ አልቀረሁም። ክፍል ውስጥ ስቀመጥ እንደ አሮጊት አቃስት ነበር፤ ሲነጋ ግን ተመልሼ እቆማለሁ።

«መምታት መቼ ነው የምንጀምረው?» አልኩት አንድ ቀን።

«እኔም ሽማግሌውን እንዲሁ ጠይቄያቸው ነበር» አለኝ። «መጀመሪያ ቁሚ። ከዚያ ስሚ። የሚመታ ሰውማ ሞልቷል።»

ስሚ ያለኝ በጆሮ አልነበረም። ሁለት ሁለት ሆነን፣ ክንዳችንን አገናኝተን፣ ዓይናችንን ጨፍነን እንገፋፋለን። «የምትገፋሽ ልጅ ጉልበቷ ወዴት እንደሚሄድ፣ የት ላይ እንደሚያልቅ ክንዷ ይነግርሻል» ይለኝ ነበር። ኃይልን በኃይል መግጠም የኮርማ ሥራ ነው ይል ነበር። ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ እንጂ፣ የነካሁትን ሰው ፍርሃቱን ከንዴቱ መለየት ጀመርኩ። ጎረምሶቹን አንድም ቀን አልመታኋቸውም። አንገቴን ሳልደፋ ማለፍ ስጀምር ራሳቸው መንገድ ለቀቁልኝ።

ወሬው ግን ደሃና ደረሰ። ልጅዎ ድብድብ ትማራለች ተባለ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ በልምምዱ መሐል፣ አባቴ ዱላቸውን ይዘው ግቢው በር ላይ ቆሙ።

«ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁ፣ መምህር» አሉ። አፋቸውን የፈቱት በአገራችን ቋንቋ በኽምጠኛ ስለሆነ፣ ሲናደዱ አማርኛውን ዝግ ብለው ነበር የሚናገሩት። «ፊደል ትቁጠር ብዬ ላክኋት እንጂ ሰው ትምታ አላልኩም።»

«ሰው መምታት አላስተማርኳትም፣ አባቴ» አላቸው አሰልጣኙ። «ከፈለጉ ይግፏትና ይዩ።»

አባቴ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። «ከቦታዋ ካነቃነቅኋት ይዣት እሄዳለሁ» አሉ።

ቆምኩ። ታላቅ እህቴን እንዲሁ ከትምህርት ቤት አውጥተው ድረዋታል፤ ስለዚህ ላልነቃነቅ ቆርጬ ነበር። እጃቸውን ደረቴ ፊት ባጣመርኩት ክንዴ ላይ አሳርፈው ገፉኝ። ያኔ ሰማሁ። ያን ሁሉ ዳገት የሚያርሰው የአባቴ ክንድ ውስጡ ባዶ ነበር፤ ይንቀጠቀጣል። ባለሁበት ብጸና በልጆቹ ሁሉ ፊት ላሸንፋቸው ነው። ብለቅላቸው ደግሞ ትምህርቴ አበቃ። ሳላስበው ወገቤ ዞረ፤ ግፊቱ በጎኔ አለፈ፤ ወደፊት ሲያዘነብሉ ክርናቸውን ያዝኩ። እግሬ ከቦታው አልተነሳም።

ማንም አልሳቀም። አባቴ እጄን ተደግፈው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«እንዲህ መያዝ ነው የሚያስተምርሽ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«አዎ፣ አባዬ።»

ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ልምምዱን እስከ መጨረሻው አዩ።

ከሰዓት በኋላ ልሸኛቸው ወጣሁ። ከከተማው ስንርቅ «ክንድዎን መቼ ጀመረዎት?» አልኳቸው።

ምን እንደጠየቅኋቸው ገባቸው። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» አሉኝ።

ዳገቱ ሥር ስንደርስ፣ እኔን ሳያዩ፣ ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። ያዝኩላቸው። እስከ አናቱ ድረስ ወጣን፤ ከዚያ ዱላቸውን ተቀብለውኝ ብቻቸውን ወረዱ።

ትምህርቴን ስጨርስ ሳያዩ አረፉ። ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም።