ሰንበት የተቆፈረ አፈር

ረቡዕ፣ ንጋት

ኤንትሬ የጭነት መኪናው ከወልድያ ሲነሳ ሰማዩ ገና አልነጣም። ጭነቱ ላይ ስድስት ሆነን በሦስት ብርድ ልብስ ተጠቅልለናል፤ ከሥራችን ስምንት ከረጢት ሲሚንቶ፣ ሁለት የብረት ቱቦ፣ ዶማና አካፋ አለ። የከተማው መውጫ ኬላ ላይ ጠባቂው የይለፍ ወረቀታችንን በባትሪ እያበራ አነበበና “ሰዒድ የቱ ነው?” አለ። እጄን አወጣሁ። “ታደሰስ?” ታደሰ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ብቅ አለ። ጠባቂው ሁለታችንንም አይቶ ገመዱን አወረደልን።

ማን እንደሆንን ልናገር። ሁላችንም ከአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ከአንድ መኝታ ክፍል ነን፤ ሦስታችን ሙስሊም፣ ሦስቱ ክርስቲያን። በረመዳን ራታችንን ከምግብ ቤቱ ይዘውልን የሚመጡት እነሱ ናቸው። በሑዳዴ ደግሞ ቅዳሴ አምሽተው ሲመለሱ ሳህናቸውን ከድነን የምንጠብቃቸው እኛ ነን። ይህን ስምምነታችንን ከግቢው አጥር አውጥተን ለሰው ይጠቅም እንደሆነ እንየው ብዬ ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የሴሚስተር ዕረፍታችንን ሰብስበን፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት ሲሚንቶ ለምነን፣ ከብልባላ ወዲያ ላለች አንዲት መንደር ምንጭ ልንሠራ ነው። የሦስተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ነበርኩ፤ በዚያ ዕድሜዬ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ሾፌሩ ጋሽ በላይ ዘጠኝ ሰዓት ሲል ጋሸና ላይ አቆመ። የጋሸና ነፋስ ሰው ካፖርት ለብሶም ቢሆን አይምርም። መንገድ ዳር ካለችው ቆርቆሮ ቤት ገብተን ስድስታችንም ከአንድ ትሪ ሽሮ በላን፤ ሂሳቡን ተጋግዘን ከፈልን። ጾም ስለሆነ የማን ሥጋ፣ የማን ቢላ የሚባል ጣጣ የለብንም፤ ጊዜውንም የመረጥኩት ለዚሁ ነው ብዬ ስኩራራ ጋሽ በላይ ሰማኝ።

“ምንጭ ደግሞ ሲሚንቶ ምን ያደርግለታል? ራሱ አይፈልቅም እንዴ?” አለ።

ታደሰ አስረዳው፤ “ሰውና ከብት ከአንድ ጉድጓድ ነው የሚጠጡት። ዓይኑን በድንጋይ እንከድንና ውሃውን በቱቦ እናወጣዋለን።”

“ደግ ነው። ላስታዎች ከወደዷችሁ አብረዋችሁ ይሠራሉ። ከከፋቸው ግን አይሰድቧችሁም፤ ዝም ነው የሚሏችሁ።” አፉን ጠራርጎ ተነሣ።

ላሊበላ የገባነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ የጻፈ ብዙ ነው፤ እኔ የምጽፈው ስለ አህያ ነው። ስምንት ከረጢት የሚጭን ስምንት አህያ ፍለጋ ከተማውን ዞርን። አንዱ ባለ አህያ በመጨረሻ “ለውሃ ከሆነ ይሁን” ብሎ የጠራውን ዋጋ በግማሽ ቀነሰልን።

ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ በእግር። ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚሄዱ ተሳላሚዎች እስከ ብልባላ ድረስ አብረውን ተጓዙ፤ የአንዷን አሮጊት ስንቅ ታደሰ ተሸከመላቸው፣ ታደሰን ደግሞ ሲደክመው እኔ ተቀበልኩት። መንገዱ ቀይ አፈርና ልቅ ድንጋይ ነው። ገብስ የተዘራበት የበልግ ማሳ ግራና ቀኝ ደርቆ ዝናብ ይጠብቃል።

መንደሯ አሥር ሰዓት ላይ ደረስን። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ምስጋናው “ጓድ ተማሪዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ” ብለው በወታደር ሰላምታ ተቀበሉን። ያሳደሩን ባላቸው የሞተባቸው እመት ጥሩወርቅ ናቸው፤ ክብ የድንጋይ ቤታቸው ባለ ፎቅ ስለሆነ ላዩን ለእኛ ለቀው እሳቸው ከታች ከፍየሎቻቸው ጋር ሆኑ። ምንጩን አየነው። ከቋጥኝ ሥር የሚወጣ ጣት የማያክል ውሃ፣ ዙሪያው የከብት ኮቴ የረገጠው ጭቃ። ሴቶቹ በየተራ በቅል እየቀዱ እንስራ ይሞላሉ።

አርብ

ሥራ ጀመርን። ሠላሳ የሚሆን ሰው ወጣ። ሁሉም ጾመኛ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም፣ ዶማውን ግን ከእኛ የበለጠ ያነሣል። ሦስታችን ሙስሊሞች ምሳ ሲደርስ አፍረን ከቁጥቋጦ ጀርባ ተደብቀን ቆሎ ቆረጠምን።

ማታ እንደ መሐንዲስ አሰብኩ። ያለን ከዛሬ ጋር ስምንት ቀን ነው። ቅዳሜና እሑድ መንደሩ ሰንበት ያከብራል፤ መካከል ላይ የታቦት ቀን ካለም እንዲሁ። ታዲያ እኛ ሦስታችን ምን ሊያስቀምጠን? እነሱ ሲያከብሩ እኛ እንቆፍራለን፣ እኛ ስንሰግድ እነሱ ይቆፍራሉ። ሥራው አንድ ቀን አይቆምም። ፕሮግራሙን በወረቀት አስምሬ ሳወጣው ከዚህ የበለጠ የሃይማኖት ትብብር የት ይገኛል ብዬ በራሴ ኮራሁ። ታደሰ ወረቀቱን ለረዥም ጊዜ አየው።

“ጥሩ ነው” አለና መለሰልኝ።

አቶ ምስጋናውም አዩት። ራሳቸውን አከክ አከክ አድርገው “አብዮቱ የሚለው ይኸንኑ ነው” አሉና የማኅበሩን ማኅተም መቱበት።

ቅዳሜና እሑድ

ሦስታችን ሁለት ቀን ቆፈርን። መዳፌ ተልጦ ውሃ ቋጥሯል፤ ቦዩ ግን ወገብ ደረሰ፣ የምንጩንም ዓይን ከፍተን ቋጥኙን አገኘነው። እሑድ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ነጠላውን እንዳጣፋ ከላይ ከሸንተረሩ ላይ ቆሞ ሲያየን እጄን አውለበለብኩ። ሥራችንን የሚያደንቁ መስሎኝ ነበር። ማንም እጁን አላነሣም።

ሰኞ

ሰው አልመጣም። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ጠበቅን። አሸዋ ከወንዝ ሊያመጡ የነበሩት አህዮችም የሉም። ሴቶቹ እንስራቸውን አዝለው በአጠገባችን አለፉ፤ “ደህና አደራችሁ” አሉና ወደ ገደሉ ወረዱ። እመት ጥሩወርቅም ከመካከላቸው ነበሩ። የሚወርዱት ወደ ወንዝ ነው፤ መውረጃው አንድ ሰዓት፣ መውጫው ከዚያ በላይ። ወደ ምንጩ ዘወር ብዬ አየሁ። እኛ የከፈትነው ዓይን አፈር እያንጠባጠበ ውሃውን አደፍርሶታል። ልንረዳቸው መጥተን የነበረቻቸውን ውሃ ነጠቅናቸው።

አቶ ምስጋናውን ብንጠይቃቸው “ሕዝቡ ሥራ በዝቶበት ነው” ብለው ዓይናቸውን አሸሹ። ታደሰ ወደ ጎን ሳበኝ።

“ሰዒድ፣ ዐውቅ ነበር” አለ። “አባቴ ዲያቆን ነበሩ። በሰንበት መሬት ከተቆፈረ በረዶ ይወርዳል፣ ወይም ዝናቡ ይቀራል ነው የሚባለው። ወረቀቱን ስታሳየኝ ልነግርህ ነበር።”

“ታዲያ ምን ያዘህ?”

“ኋላ ቀር እንዳትለኝ ፈራሁ።”

ተናደድኩበት፤ ግን እውነቱን ነው፣ እለው ነበር።

አብረን ወደ ቄስ አምሳሉ ሄድን። የመንደሩ ካህን ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ታደሰ መስቀል ተሳለመ፤ እኔ ራሴን ዝቅ አድርጌ ቆምኩ።

“አባ፣ ይቅርታ ልንጠይቅዎ መጥተናል” አልኩ። “በእኛ እምነት በሰንበታችሁ መሥራት አይከለከልም። በዓላችሁን የሻርን አልመሰለንም።”

“እናንተማ ምን አጠፋችሁ፤ ሃይማኖታችሁ አልከለከላችሁም። መሬቱ ግን የእኛ ነው፣ ልጄ። ሰንበትን የሚያከብረው ሰው ብቻ አይደለም። በሬውም ያርፋል፣ መሬቱም ያርፋል። ዶማውን የያዘው ማን ነው ብሎ በረዶው አይጠይቅም።”

“ታዲያ አባ፣ ለምን አልከለከሉንም?”

“ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዘዋል አሉን። ማኅተምን ማን ይከለክላል?”

እኛ የማኅበሩን ሊቀመንበር ስንጠይቅ እሳቸው እምቢ ብለው ፀረ አብዮት መባልን እንደሚፈሩ አላሰብንም፤ እሳቸውን እንጂ ካህኑን አልጠየቅንም።

“ምን ብናደርግ ይሻላል?”

ቄስ አምሳሉ በመቋሚያቸው ወደ ምንጩ ጠቆሙ። “ሰንበት የወጣው አፈር ወደ ጉድጓዱ ይመለስ። ያወጣው እጅ ይመልሰው። ነገ ደግሞ በሥራ ቀን ይቆፈራል።”

እውነቱን ልጻፍ፤ ደሜ ፈላ። የሁለት ቀን ጉልበት፣ የተላጠ መዳፍ፣ የቀረን አራት ቀን! ሳይንስ የማያውቀውን ነገር ብዬ ልከራከር አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከገደሉ ሥር እመት ጥሩወርቅ እንስራቸውን አዝለው፣ በየአሥር እርምጃው ቆም እያሉ ሲወጡ አየሁና ዋጥኩት።

“እንመልሳለን፣ አባ” አልኩ።

ከሰዓት በኋላ አካፋ አንሥተን አፈሩን መመለስ ጀመርን። ታደሰና ሁለቱ ጓደኞቹም አካፋ ያዙ። ቄስ አምሳሉ ሊያዩ ወርደው ነበርና ታደሰን “አንተ መች ቆፈርክ?” አሉት።

“ዝም ብያለሁ፣ አባ” አለ ታደሰ፣ ቀና ሳይል።

ካህኑ ከድንጋይ ላይ ተቀምጠው እስክንጨርስ ቆዩ።

ማክሰኞ

የነቃነው በዶማ ድምፅ ነው። ወጥተን ስናይ አርብ ከመጣው ሰው ሁለት እጥፍ ይሆናል። እኛ ሦስታችን ሁለት ቀን የፈጀንበትን ቦይ ሰው ተሰልፎ ረፋድ ሳይደርስ አወጣው፤ የእኛ የተጣመመውን ጎን ሳይቀር አቃንተውታል። አንድ ሽማግሌ ዶማዬን ከእጄ ወስደው አያያዜን አስተካክለው መለሱልኝ። “እንዲህ ነው፣ ኢንጂነር” አሉ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። አቶ ምስጋናውም ኮታቸውን አውልቀው ጭቃ ውስጥ ገብተዋል። ካለማንም ጥሪ አህዮቹ አሸዋ ጭነው ደረሱ።

ረቡዕና ሐሙስ

ግንብ። ድንጋይ የሚጠርቡት ሁለት ወንድማማቾች አንዱን ድንጋይ ካንዱ ሲያገጥሙ መካከሉ ጥፍር አያስገባም፤ ሲሚንቶ የሚያስፈልገው ለእኛ እንጂ ለእነሱ አይመስልም። ቱቦዎቹን ገጠምን፣ አንዱን ለሰው፣ ሌላውን ዝቅ አድርገን ለከብት። ሲሚንቶው እስኪጠና ውሃውን በጎን አሳለፍነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ካህኑ ሲጠይቁኝ “ነገ ይለቀቃል” አልኳቸው፤ አልተጠራጠርኩም።

አርብ፣ ቀትር

ውሃው በጎን የሚያልፍበትን ቦይ ዘጋን። መጀመሪያ ከቱቦው የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ደፈረሰ፣ ከዚያ ጠርቶ እንደ ክንድ ወፍሮ ወረደ። ቄስ አምሳሉ ጸሎት አድርሰው በመስቀላቸው ባረኩት። ሴቶቹ እንስራቸውን ከሸንተረሩ ሥር ጀምረው አሰልፈዋል። ከፊት ያሉት እመት ጥሩወርቅ ናቸው፤ እንስራቸው ከቱቦው ሥር ተደቅኗል።

የእኛ የሰላት ሰዓት ደርሷል። ሦስታችን ተያየን። ይህን ሁሉ ሰው ቀድሞ መታጠብ አይሆንም፤ ኮዳችንን ይዘን ወደ ወንዙ መውረድ ጀመርን።

“ወዴት ነው?” አሉ እመት ጥሩወርቅ።

“ልንታጠብ ነው፣ እማማ። አርብ ነው፣ እንሰግዳለን።”

“ወንዝ ድረስ?”

“እናንተ ቅዱ፣ እኛ እንመለሳለን።”

ባዶውን እንስራ ከቱቦው ሥር አነሡና ወደ ጎን አስቀመጡት። ቄስ አምሳሉን ቀና ብለው አዩ፤ ካህኑ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከኋላቸው ያለችው ሴት ሁለት እርምጃ ሸሸች፤ ከእሷም ኋላ ያለችው።

ጎንበስ አልኩ። ውሃው ቀዝቃዛ ነው። እጄን፣ አፌን፣ ፊቴን ታጠብኩ፤ እንባዬ ከውሃው ጋር ስለወረደ ማንም ያየው አይመስለኝም። ሦስተኛው ጓደኛችን እግሩን ታጥቦ እስኪነሣ ድረስ ከዚያ ሁሉ ሰልፍ አንድም ሰው እንስራውን አላስጠጋም።