በደቻቱ ላይ ደወል የተሰቀለበት ክረምት

ባለቤቴ ካረፈ ስምንት ወር ሊሆነው ነው። ልጆቻችን ስለ አባታቸው ወጣትነት ጻፊልን ስላሉኝ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እጽፋለሁ። ከሁሉ አስቀድሞ የመጣልኝ የመመረቂያ ሥራውን የመረጠበት ክረምት ነው።

ያኔ አልተጋባንም። እሱ አዲስ አበባ የኤሌክትሮኒክስ ምህንድስና ይማራል፤ እኔ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ሕፃናት አስተምራለሁ። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ሰዓት የሚያከብሩ ሰው ናቸው። የላካቸውን ሽማግሌዎች፣ «ዲግሪውን ይዞ ይምጣ፤ ሰርጉ በማግስቱ ይሁን» ብለው መልሰዋቸዋል። ለዲግሪው የቀረው አንድ ዓመት ነበር።

ለእረፍት ድሬዳዋ ሲመጣ አስተማሪው የሰጠውን የርዕስ ዝርዝር ይዞ መጣ። ከዚያ ውስጥ መርጦ ወይም የራሱን አስቦ፣ ክረምቱ ሳያልቅ በፖስታ መላክ ነበረበት። ከዝርዝሩ ቀላሉ ትራንዚስተር ሬዲዮ መሥራት ነው። «ሬዲዮውን እስከ ፋሲካ እጨርሰዋለሁ» ይለኛል፤ ይህን ሲል ግን ዓይኑ ወደ ደቻቱ ነው።

ደቻቱ ከተማችንን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነው እንላለን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። አሸዋው ላይ ይነገዳል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ግመል ያርፋል። ዝናቡ የሚጥለው ራቅ ብሎ ተራራው ላይ ስለሆነ እኛን ፀሐይ እየጠበሰን ጎርፉ ይደርሳል። አስቀድሞ ያየ ሰው «ደቻቱ መጣ!» ብሎ ይጮሃል። ክፋቱ ቀትር ላይ የመጣ እንደሆነ ነው። ከምሳ በኋላ በዚያ ሙቀት ሱቁም ቢሮውም ይዘጋል፤ ወንዱ ሽርጡን አገልድሞ፣ ሴቷም ነጠላ ጣል አድርጋ ይተኛሉ። ጩኸቱን ማን ይሰማል?

እሱ ያሰበው ወንዙ ውስጥ ከፍ ካለ ቦታ እንጨት ተክሎ ሁለት የመዳብ ሽቦ ሊያስርበት ነው። ውሃው ሁለቱን ሽቦዎች ሲነካ ኤሌክትሪኩ ይገናኝና ከታች መንደር ውስጥ ደወል ይጮሃል። ከአዲስ አበባ ሳይነሳ ሲነግረው አስተማሪው ሐሳቡን አልጠላውም፤ «ግን እውነተኛ ጎርፍ ሲያስደውለው በዓይኔ ሳላይ አልፈርምልህም» አለው። ትልቁ ጎርፍ ደግሞ የሚመጣው ተማሪ ተመርቆ ከሄደ በኋላ፣ በክረምት ነው። ደወሉን መረጠ ማለት ምርቃቱም ሰርጋችንም በአንድ ዓመት ተገፋ ማለት ነው። እኩዮቼ አግብተው ወልደዋል። እኔ ሬዲዮውን እፈልግ ነበር፤ አልደበቅኩትም።

«እስቲ መጀመሪያ ይሠራ እንደሆነ ልየው» ብሎ ከአሮጌ የበር ደወል አንድ መሞከሪያ ሠራ። እንጨቱን ተከለና ሽቦውን ከዛፍ ዛፍ አንጠልጥሎ በወንዙ ዳር ካለ የሱማሌ ባለሱቅ ቤት አስገባው። ባለሱቁን ሰፈሩ ሁሉ «አዴር» ይላቸዋል፤ በቋንቋቸው አጎት ማለት ነው።

በሦስተኛው ቀን፣ በቀትር፣ ደወሉ ጮኸ። አዴር በሽርጥ ብቻ ወጥተው «ደቻቱ! ተነሱ! ደቻቱ መጣ!» እያሉ በሱማሌኛም በኦሮምኛም በአማርኛም ጮኹ። አሸዋው ላይ የነበረው ሁሉ ቅርጫቱንና ልጁን እያነሳ ዳር ወጣ። ቤታችን ቅርብ ስለሆነ እኔም ወጣሁ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ጠብታ ውሃ የለም።

እሱ ወደ እንጨቱ ሮጠ፤ ተከተልኩት። አንዲት ልብስ አጣቢ ሳሙናው ያልለቀቀ እርጥብ አንሶላ ሽቦዎቹ ላይ አስጥተዋል።

«እማማ፣ ምነው እዚህ ላይ?»

«እንጨቱን አንተ ነህ የተከልከው? ተባረክ ልጄ። ግን አሳጥረኸዋል፤ አንሶላዬን አሸዋ ነካብኝ።»

ተከትሎን መጥቶ ዳር የቆመው ሰው ሳቁን ለቀቀው። «አቦ ኢንጂነር! ጎርፍህ በሳሙና ታጥቦ ነው የሚመጣው?» አለ አንዱ። «ወላሂ ቴምሬን ግመል በላው! ለግመሉስ ለምን አልደወልክለትም?» አለ ሌላው። እሱ ሽቦውን ጠቀለለ፤ ደወሉንም ከሱቁ ነቀለ።

ጽሕፈቴ ስለሚያምር ለአስተማሪው የሚላከውን ማመልከቻ የምገለብጥለት እኔ ነበርኩ። በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኛ በረንዳ መጥቶ ተቀመጠና «ጻፊ፤ ሬዲዮ» አለኝ። እንደዚያን ቀን ፈጥኜ ጽፌ አላውቅም። እሱ አንገቱን ደፍቶ እያየሁት ደስ ብሎኝ ነበር።

ቀለሙ ሳይደርቅ አዴር ሸሚዛቸውን ለብሰው መጡ።

«ደወሌን ለምን ነቀልከው?»

«አሳፈርኩዎት፣ አዴር። በከንቱ አስሮጥኩዎት።»

«ሮጥኩ እንጂ! አምና ውሃው ሲመጣ ሰው ጮኾ ነበር አሉ። እኔ ተኝቻለሁ። ወንድሜ አሸዋው ላይ ነበር፤ አልደረስኩለትም። ዛሬ አሸዋው ላይ ማን ቀረ? አንድ ሰው አልቀረም። እንጨቱን አስረዝመው፣ ሴትዮዋ አትደርስበት። ደወሉን ግን መልስልኝ።»

እሱ እኔን አየኝ። «ሬዲዮው ይሁን» ብዬ ብነግረው እሺ እንደሚለኝ፣ ዕድሜ ልኩንም እንደማይወቅሰኝ አውቃለሁ። የጻፍኩትን አጠፍኩና ሌላ ወረቀት አወጣሁ።

«ርዕሱን እንዴት ብዬ ልጻፈው?» አልኩት።

አባቴ ነገሩን ሲሰሙ ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ባቡር እንኳ አንድ ዓመት ሙሉ አይዘገይም» አሉኝ።

«ይሄኛው ይዘገያል፣ አባባ» አልኳቸው።

በሚቀጥለው ክረምት አስተማሪው ወደ ድሬዳዋ ወርዶ አዴር ሱቅ ውስጥ ጎርፍ ሲጠብቅ ሰነበተ፤ ጎርፉ መጣ፣ ደወሉም ጮኸ፣ እሱም ፈረመ። የዚያ ዓመት ምርቃት አልፎ ነበርና በሚቀጥለው ዓመት ተመረቀ፤ በማግስቱም ተጋባን።

በትዳራችን ዘመን ሁሉ ያንን ዓመት የሰጠሁት እኔ ነኝ እያልኩ ስመካበት ኖሬያለሁ። ካረፈ ወዲህ ግን አብረን ልንኖረው እንችል የነበረ ዓመት ሆኖ ይታየኛል። በዚያ በረንዳ ላይ ዛሬ ብቀመጥ፣ አዴርም ፊቴ ቆመው፣ የትኛውን ርዕስ እንደምጽፍ አላውቅም።