ጠርሙሱን «ማን ነህ?» የሚሉት ጋሼ

አጎቴን ጋሼ ነበር የምላቸው። ጠርሙስ ሲያነሱ መጀመሪያ «አንተ ማን ነህ?» ይሉታል። መልሱንም ራሳቸው በቀጭን ድምፅ ይሰጣሉ፦ «ላምባ ነኝ፤ እሳት አታሳዩኝ!» የጠመንጃ ያዥ ሰፈር ጎረቤት ሁሉ ይስቅባቸው ነበር፤ በተለይ እትዬ ዘነቡ።

ጋሼ የሚሠሩት በመንግሥት ሳሙና ፋብሪካ ላቦራቶሪ ነበር። ፋብሪካው ሦስት ዓይነት ፈሳሽ ማጽጃ ማምረት ሲጀምር ለሠራተኛው የጥንቃቄ ወረቀት እንዲያዘጋጁ ታዘዙ። አለቃቸው ግን፣ «ጓድ፣ ሦስቱም ማጽጃ ናቸው። አንድ ወረቀት ይበቃል፤ ማባከን አሻጥር ነው» አላቸው። በዚያ ዘመን «አሻጥረኛ» የተባለ ሰው ይታሰር ነበር።

ጋሼ፣ «ጓድ፣ መንትዮች ቢኖሩዎት አንዱን ብቻ አስከትበው ይመለሳሉ?» አሉና ሦስት ወረቀት ጻፉ። የሚያመሳስላቸውን በሰማያዊ፣ የሚለያቸውን በቀይ። አንዱ እንዲህ ይላል፦ «እኔ በረኪና አለብኝ። አሲድ ካለበት ወንድሜ ጋር አትቀላቅሉኝ፤ ስንገናኝ የምናወጣው ጭስ ሰው ይገድላል።» አለቃው እየተቆጣ ፈረመ። ወረቀቶቹም ከየበርሜሉ በላይ ተለጠፉ።

እኔ ሰው ማሞገስ አይሆንልኝም። በጋሼ ግን እኮራለሁ፤ ፈርተውም ቢሆን ሦስቱን ወረቀት ከመጻፍ አልቀሩም።

ጋሼን ልደታ ማርያም ቀብረን ቤታቸው ስንመለስ እትዬ ዘነቡ ወለሉን ሊያጥቡ ከመደርደሪያው ጠርሙስ አነሱ። ከዚያ ቆም ብለው፣ «አንተ ማን ነህ?» አሉ።

ሁላችንም መልሱን ጠበቅን።

«በረኪና ነኝ» አልኩ፣ በቀጭን ድምፅ። «ለብቻዬ ተጠቀሙብኝ።»