ቀዳዳው ዳንቴል

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ዘይነባ ልትጠይቀኝ መጥታ ኮመዲኖዬ ላይ ያለውን ነጭ ዳንቴል አነሳችና መሃሉ ላይ ያለውን ክብ ቀዳዳ አየችው። «ይህን እንኳ ልድፈንልሽ እንጂ!» ብላ መርፌ ፍለጋ ተነሳች። እጇን ያዝ አደረግኩና ታሪኩን ነገርኳት።

ልጅ ሆኜ ጎንደር አራዳ ነበር የምንኖረው። አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ከድር ጌም ቤት የመኪና ውድድር ሲጫወት ይውልና ማታ እየመጣ ጉራውን ይነዛብናል። እኔ ግን ሴት ልጅ ነሽና አይሆንም ተባልኩ። አባቴ ለትምህርትሽ ብሎ ያገለገለ ኮምፒውተር ሲገዛልኝ መጀመሪያ የጫንኩበት ያንኑ ጨዋታ ነው። «ለአረፋ ዘመድ በተሰበሰበበት እንወዳደራለን» አልኩት ከድርን። ሳቀብኝ።

ከሁሉም በላይ የተደሰተችው እናቴ ነበረች። ከላይ እስከ ጀርባው የሚወርድ ዳንቴል ሠራችለት። በሰፈራችን ሬዲዮም ሆነ ቴሌቪዥን ያለ ዳንቴል ከታየ እመቤቲቱ ትታማለች።

ኮምፒውተሩ ግን ጨዋታው ሲጋጋል ድርግም ብሎ ይጠፋል። መምህራችንን ብጠይቃቸው፣ ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ለማዳን እንደሚጠፋ፣ የማቀዝቀዣው ፋን ፍጥነት ግን ከሴቲንጉ እንደሚስተካከል ነገሩኝ። ፍጥነቱን ብጨምረው እንደ ወፍጮ ቤት ጮኸ። አባቴ የሬዲዮ ዜናውን መስማት አቃተው።

«ወይ ዝም ይበል፣ ወይ ከአረፋ በኋላ ለሸጠልኝ ሰው እመልሰዋለሁ» አለ። አባቴ ደግሞ ቃሉን አያጥፍም።

ብቀንሰው ጋለ፣ ብጨምረው ጮኸ። እልህ ያዘኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ምሳዬን እንኳ ሳልጨርስ ቁጥሩን ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ እያደረግኩ እሞክራለሁ። የበጋው አቧራ በመስኮት ይገባል፤ እናቴም አንድ ቀን ዳንቴሉን አጥባ ሽቦ ላይ ሰጣችው። የዚያን ቀን ፋኑን መካከለኛ ላይ አድርጌ ከሰዓት በኋላ እስከ አስር ሰላት ድረስ ስጫወት ኮምፒውተሩ አልጠፋም። ዳንቴሉ ደርቆ ሲመለስ ወዲያው ጠፋ።

«እማ፣ የሚያፍነው ዳንቴሉ ነው» አልኳት።

«ምነው ልጄ! በዚህ አቧራ ራቁቱን ይቀመጥ?»

«ከጀርባው ብቻ ገለጥ ብናደርገው...»

«ተገልጦ ምን ሸጋ አለው!» ብላ ፊቷን አዞረችብኝ።

እንባዬ መጣ። ግን አለቀቅኳትም። እጇን ያዝኩና ከኮምፒውተሩ ጀርባ አስጠጋሁት። ሙቁ አየር መዳፏን ሲነካት ጎንበስ ብላ ጀርባውን አየችው።

«ትንፋሹ በዚህ ነው እንዴ የሚወጣው?»

በማግስቱ የዳንቴል መርፌዋን፣ ኪሮሿን፣ ይዛ ተቀመጠች። ስንት ቀን የደከመችበትን ሥራ ፈትታ፣ በጣቷ እየለካች ልክ በፋኑ በኩል ክብ መስኮት አወጣችለት።

አረፋ ደረሰ። ከምሳና ከብርዙ በኋላ ዘመድ ሁሉ ከበበን፤ አባቴ ጥግ ላይ ሬዲዮውን ከፈተ። ከድርና እኔ አንድ ኪቦርድ ላይ ተሻምተን ነዳን። እኔ መኪናዋን ትቼ የማዳምጠው ፋኑን ነበር። ሳይጮህ፣ ሳይጠፋ እስከ መጨረሻው ዘለቀ። ከድር ለጥቂት ቀደመኝ። ተነስቼ ልሄድ ስል አባቴ ሬዲዮውን ዘጋው።

«ድገሙት» አለ።

ኮምፒውተሩ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ቤታችን ኖረ። እናቴ፣ አላህ ይዘንላት፣ ፕሮሰሰር ምን እንደሆነ ሳታውቅ ሞተች። እኔ ስለወደድኩት ብላ ግን የኮራችበትን ሥራ በገዛ እጇ ፈታለች። ዛሬ ለልጆቼ ያን ያህል ማድረግ መቻሌን እንጃ።

«እና በድጋሚው ማን አሸነፈ?» አለች ዘይነባ።

«እኔ ነኛ!» አልኳትና ዳንቴሉን ተቀብዬ ቀዳዳው እንዲታይ አድርጌ አነጠፍኩት።